የድሮው መሃል

መንገዱን ያሰፉት ወደ አንድ ወገን ብቻ ነበር፤ ወደ እነሱ ወገን። ማዶ ያሉት ሱቆች ሳይነኩ ቀሩ፤ የእነሱ ግቢ ግን ተቆርጦ አስፋልት ሆነ። አሁን ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ከመኪና ጋር እየተጋፋ በቀጥታ ሳሎን ይገባል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሻይ ብርጭቆዎቹ ይንቀጫቀጫሉ፣ ወሬው ይቋረጣል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል።

"ሾፌሩ ለፖሊስ ምን እንዳለ ሰምተሻል?" አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። "'ጀርባውን ሰጥቶኝ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ' ነው ያለው።"

"ታዲያ ምን ያድርግ? ሰፈሩ ሁሉ ፊቱን አዙሮበት!" አለች አጠገቧ የተቀመጠችው።

የሟቹ ልጅ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ጥግ ላይ የተኮራመተችው እናቷም ሰምታለች።

አባቷን ሰፈርተኛው "ከንቲባው" ይለው ነበር። ከከተማው ዳር እንደ አሸን የፈሉት አዳዲስ መንደሮች ጠዋትና ማታ መኪናቸውን በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ሲያፈሱ፣ "ትስፋ!" እያለ በየቤቱ የዞረው እሱ ነው። "ከግቢያችሁ ቀንሱ፤ አምቡላንስ እንኳ አያልፍም እኮ!" ሰዎቹ ቀነሱ። ቃል የተገባው መሻገሪያ ድልድይ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የነፈጉት ብዙ ናቸው። ያልተለወጠው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ብቻ ነበር። አባቷ ሥራ ሲፈታ እየተሻገረ ከእሱ ጋር ዳማ ይጫወታል፤ ሲመለስ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ፣ አባቷ እስኪሻገር ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ይሸኘዋል። የሞተ ቀንም ሸኝቶታል። ይኸው እስካሁን ለቅሶ አልደረሰም፤ ስልክም አያነሳም።

እናቷ ተከትላት ማዕድ ቤት ገባች።

"ራሱን ነው ያጠፋው?"

"እማ፣ ተይ እንጂ!"

"ያን ቀን ጠዋት ጭቃ ይዘህ ገባህ ብዬ ጮኼበታለሁ። ሰው ደህና ሆኖ ለመኪና ጀርባውን ይሰጣል?"

ልጅቱ በመስኮቱ አስፋልቱን አየች። ልጅ ሳለች አባቷ እጇን ጨምቆ ሲያሻግራት ትዝ አላት። "መጀመሪያ በዚህ በኩል እይ። መሃሉ ላይ ስትደርሺ ቁሚ። አሁን ዙሪና በዚያኛው እይ።" ከማዶው ጠርዝ እስከ መሃሉ ያለውን እግሩ በቃሉ ያውቀው ነበር። ጠርዙ ካለበት አልተነቃነቀም። መሃሉ ነው ወደ እነሱ ቤት የሸሸው።

"እማ፣ የቆመው የድሮው መሃል ላይ ነው! ዞሮ ያየውም ድሮ መኪና ይመጣበት በነበረው በኩል ነው። አሁን ግን እዚያ ጋ ሁሉም የሚመጣው ከጀርባው ነው። ገባሽ?"

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። "አንቺ መቼም አንደበት አታጪም። እኔን ለማጽናናት ነው። አላየሽም። ያየው ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።" ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። "ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ። ከፈለገ መኪናው እኔንም ይውሰደኝ።"

ልጅቱ ጫማዎቹን ቀድማ አነሳችና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወረቻቸው።

"አንቺ ከዚህ ንቅንቅ አትይም። እኔ አመጣዋለሁ።"

ሳሎኑን ስታቋርጥ ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። "ወዴት ነው? በታክሲ ዙሪ እንጂ፣ አብደሻል?"

"ዞሬ እስክመጣ እሷ ትወጣለች። ይልቅ ያንን ወሬሽን ተይና እናቴን ያዥልኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች።

ልጅቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ማዶውን አየች። መኪናው ይጎርፋል። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ነበር፤ ሲያያት ተመለሺ፣ ተመለሺ እያለ ሁለት እጆቹን ያወናጭፍ ጀመር።

እናቷ የፍሬን ድምፅ እንዳትሰማ፣ በሩን ከኋላዋ ሳብ አድርጋ ዘጋችው።