የእናቴ ተዝካር ሥጋ እና ሁለተኛው ባትሪ

ፍሪጃችን የተቃጠለው ረቡዕ ነው። የእናቴ የዓመት ተዝካር ደግሞ እሑድ ነበር። ወሩ ነሐሴ፤ እስራኤል አገር ክፋር ግቢሮል ሰፈር ያለው ቤታችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ ግድግዳው እጅ ያቃጥላል። የእኛ የቤተ እስራኤል ቄስ፣ ቄስ ጀምበሬ፣ ሐሙስ በጉን ባርከው አረዱ፣ ሥጋው ተመትሮ በከረጢት ታሰረ፣ ከዚያ የሚቀመጥበት ጠፋ። ኦሺዮት ሰፈር የምትኖረው የእህቴ የማናለሽ ፍሪጅ በሰንበት ምግብ ታጭቋል። ወንድሜ ቤኒ ስልክ ይደውላል፣ ይዘጋል፣ ሌላ ጋ ይደውላል።

እኔ ቀስ ብዬ፣ «ቫኑ ውስጥ ፍሪጅ አለ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ የመጨረሻው ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ጽባ ገብቼ ወታደርነቴን ጨርሼ ወጥቼ፣ አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እደረድራለሁ። ከሥራ መልስ ከፎቃችን ሥር የቆመው አሮጌ ቫኔ ውስጥ ገብቼ እተኛለሁ፤ አልጋውን፣ መብራቱን፣ ፍሪጁን በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት። አንድ ቀን ወደ ምድረ በዳው ነድቼ ብቻዬን ስለማድርበት ቦታ አስባለሁ። እስካሁን የትም አልሄድኩም። ቤኒ በእኔ ስም «የሻሐር ቪላ» ይለዋል። ቤታችን ድግስ ሲኖር ሌላው በግ ይገዛል፣ ሌላው ወጥ ይሠራል፣ እኔን የወረቀት ኩባያ አምጣ ይሉኛል። ስለዚህ የእናቴ ተዝካር ሥጋ በእኔ ፍሪጅ ይደር ሲባል፣ ከረጢቶቹን ደረጃውን ሳወርድ ሙሽራ የማጅብ ነበር የመሰለኝ።

አባቴ ተከትለውኝ ወረዱ። ነገሩን አላመኑትም።

«ሞተሩ ሳይነሳ ፍሪጁ ከየት አምጥቶ ይበላል?» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ባትሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሞተሩን ያስነሳል፣ ሁለተኛው ለቤቱ ነው፤ መብራቱም ፍሪጁም የሚበሉት ከሁለተኛው ነው። ስንነዳ ሞተሩ ሁለቱንም ይሞላል። ሞተሩ ሲጠፋ በመካከላቸው ያለች ትንሽ ሳጥን ትለያቸዋለች። ስንቆም ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ሁለተኛውን ይቀልበዋል።

አባቴ አገጫቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ፣ «እንግዲያ አንዱ የዘር እህል ነው፣ አንዱ የቀለብ» አሉ። «ቀለቡ ቢያልቅ ዘሩ አይነካም።»

ከዚያ የተሻለ እኔም ማስረዳት አልችልም። ደስ ብሎኝ የቀረውን ሁሉ ዘረገፍኩት፦ ሁለተኛው ባትሪ ጨርሶ ከተሟጠጠ እንደሚበላሽ፣ የተረሳች ትንሽ መብራት እንኳ ቀስ በቀስ እንደምታደክመው፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ቀይ እጀታ ሲዞር መብላት እንደሚቆም። እጀታውን አንዴ አዙረው ሞከሩት፣ መብራቱ ጠፋ፤ መለሱት፣ በራ። አባቴ እኔን ነገር ጠይቀው እስከ መጨረሻው ሲያዳምጡኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ትርፍ ቁልፍ አለህ ወይ ሲሉኝም ሰጠኋቸው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አየሁት። ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ሥጋው ቀዝቅዟል፣ ባትሪው ጤናማ ነው። ወጥቼ ታጠብኩና ለሰንበት ነጭ ልብስ ለበስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከጸሎት ሲመለሱ እኔ ለሰንበት ብዬ ላይ ቤት አድሬ ገና ከአልጋ መነሳቴ ነበር። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። እያላመጡ፣ ያን ያህል ነገር እንዳልሆነ አድርገው፣ ትናንት እሳት ረስተህ ነበር አሉኝ።

«የምን እሳት?»

«ቫንህ ውስጥ። በመስኮቱ ትንሽ መብራት አየሁ። ሰንበት ልትገባ ስትል ወርጄ በቀዩ አጠፋሁልህ። ባትሪው ደክሞ ሥጋው እንዳይበላሽብን ብዬ።»

አባቴ ጎንደር ገጠር ሳሉ ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየቤቱ እየዞሩ እሳት መጥፋቱን የሚያዩ ሰው ነበሩ። እዚህ አገር ከመጡም ወዲህ በዚያች ሰዓት ቤቱን ሳይዞሩ አይቀመጡም። ያዩት መብራት የፍሪጁ የራሱ ነው፤ ሲሠራ የሚበራው። ቀዩ እጀታ አምፖሉን ብቻ ሳይሆን ፍሪጁንም እንደሚያጠፋ ግን ከሁለታችን በደንብ የገባው ለእኔ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ሲሞክሩት ያዩት መብራቱ ሲጠፋ ነው።

በባዶ እግሬ ወረድኩ። በሩን ስከፍተው እንደ ምድጃ ተነፈሰብኝ። የፍሪጁ ድምፅ የለም። ክዳኑን አነሳሁት፤ በረዶው ውሃ ሆኗል፣ ከረጢቶቹ ለብ ብለዋል። ከሶላሩ ጋር የተያያዘችው ትንሽ ስክሪን ግን ባትሪው ሙሉ ነው ትላለች። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይዋ ስትሞላው ነበር። ኤሌክትሪኩ እዚያው ነው፣ ከሥጋው ክንድ አይርቅም።

አባቴ ግድግዳውን እየተደገፉ ደረሱ። ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ መንገር አላስፈለገኝም፤ ዓይናቸው ወደ እጀታው ሄዶ እዚያው ቀረ።

«አባ፣ እርስዎ ወደ ላይ ይውጡ» አልኳቸው።

እጀታውን ላዞረው እንደሆነ ገባቸው።

«ሰንበት ሽረህ ያቀዘቀዝከውን ሥጋ ነው ለእናትህ ለደስታዬ ተዝካር የምታበላው?» አሉ። «እሷ ብትኖር ትቀምሰው ነበር?»

ጎረቤት ጋ ልውሰደው አልኩ። ሸክም ነው አሉ፣ በሰንበት በመንገድ ሸክም አንሸከምም። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከቫኑ ፊት ለፊት፣ ከዛፉ ሥር ባለው ግንብ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምን እንደምንጠብቅ አላውቅም። መንገዱ ጭር ብሏል፤ አውቶቡስ የለ፣ ባቡር የለ። ጥላው ከቫኑ ላይ እየሸሸ ሄደ፣ ቆርቆሮው ማንጸባረቅ ጀመረ። እኔ በልቤ ሥጋውን እከተለዋለሁ፦ አሁን ሞቀ፣ አሁን ላበ፣ አሁን ውሃው ተቀየረ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሱና፣ «ለቀለቡ ብዬ» አሉ።

ከምሳ በኋላ ጋደም ሊሉ ወጡ። እኔ ቀረሁ። ማንም አያየኝም ነበር። እኔ ራሴ ሰንበትን እንደሳቸው የምጠብቅ ሰው አይደለሁም፤ ቅዳሜ ስልኬን ስነካካ እናቴ እንዳላየች ትሆንልኝ ነበር። ገብቼ እጄን እጀታው ላይ አሳረፍኩት፤ ፕላስቲኩ ግሏል። ሽታው ያን ጊዜ ነው የመጣው፣ ገና ስስ ነው፣ ጣፋጭ ነገር አለው። ባዞረውም ባላዞረውም ለውጥ እንደሌለው ገባኝ። እጄን ወዲያው አላነሳሁትም። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ሰንበት እንደወጣች ቤኒና ማናለሽ መጡ። ቤኒ ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው ዘጋው። ከረጢቶቹን እኔና እሱ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ወሰድናቸው። ማናለሽ አላለቀሰችም፤ ሥራ ላይ ናት፤ ሽሮና ምስር ስንት ድስት እንደሚበቃ በአፏ ታሰላለች።

እሑድ ሰው መጣ። ቄስ ጀምበሬ ዳቦውን ባረኩ፣ የእናቴን ስም ጠሩ። ሰዉ ሽሮውን እየበላ በዓይኑ ሥጋውን ይፈልጋል። በመጨረሻ የእናቴ እህት ዋጋዬ አላስቻላትም።

«በጉስ? ታረደ አልነበር እንዴ?»

አባቴን አየኋቸው። ቄሱ በስተቀኛቸው፣ የእናቴ ወንድሞች በስተግራቸው ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ውሸት አይወዱም። እጃቸው ሰሃኑ ላይ ቆመ።

«የልጁ ባትሪ ደከመ» አሉ ቀስ ብለው።

«አይ የሻሐር ነገር» አለች ዋጋዬ፤ ቀሪውን ለራሷ አስቀረችው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ራሱን ነቀነቀ፤ አላስገረመውም።

ቤኒ ወደ እኔ ተጠግቶ በዝቅታ ማስተማር ጀመረ። ነገርኩህ አለኝ፤ ርካሽ ባትሪ እንዲህ ነው፤ ደግሞ ሁለቱን ባትሪ መለያየት ምን ይሉታል፣ ሁልጊዜ አያይዛቸው፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይረዳዋል። እሱ እንዳለው ባደርግ በማግስቱ ሞተሩም አይነሳም። ባትሪው ግን ምንም አልሆነም፤ እኛ እዚህ ተቀምጠን እሱ ከታች ሙሉ ነው።

አባቴ ያጎረሱት የለም፣ የጎረሱትም የለም። የጠቀለሉትን እንጀራ እንደያዙ ከእኔ አፍ የሚወጣውን ይጠብቁ ነበር።

«ሰማኸኝ?» አለኝ ቤኒ። «ባትሪውን ጥለህ ሌላ ግዛ።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አልኩት። «እቀይረዋለሁ።»