የፋራንጊስ እርምጃ

ፋራንጊስ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የተራራ ጫማዋን ክር ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ባሏ ባሃዶር በሩ ላይ ቆሞ በዱላው ወለሉን ይመታል።

«ሐኪሟ ተራራውን ተይ አላለችሽም?»

«አላለችኝም። በባልዎ እርምጃ አይውጡ ነው ያለችኝ።»

በዚያው ሳምንት ሁለቱም ክሊኒክ ሄደው የመራመጃ ማሽን ላይ ተመርምረው ነበር። ፍጥነቱም ዳገቱም ለሁለቱ እኩል ነበር። ባሃዶር እያፏጨ ወረደ። የፋራንጊስ ልብ ግን ይጋልብ ጀመር፤ የደም ግፊቷም ሽቅብ ወጣ። ነርሷ «ደከመዎት?» ብትላት፣ «ኧረ በፍጹም፣ ይልቅ እርስዎ ቆመው ደከሙ» አለቻት። ማሽኑን ያስቆመችው ሐኪሟ ናት።

«የሴት ልብ አነስ ይላል» አለቻት። «ባልዎ በአንድ ምት የሚልኩትን ደም ለማድረስ የእርስዎ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደግሞ የደም ሥር ይደድራል፤ ዳገት ላይ ግፊቱ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይብሳል። የማዝልዎትን የግፊት መድኃኒት ይውሰዱ። ተራራውንም አይተዉ። ብቻ እያወሩ መሄድ በሚችሉበት እርምጃ ይውጡ። ወሬው ከተቋረጠ ፈጥነዋል ማለት ነው።»

ፋራንጊስ ከተራራው ከቀረች የዕረፍቱ ቀን ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ወጥ ቤት ውስጥ እንደሚያልፍ ታውቃለች። አትቀርም።

ከተራራው ግርጌ የባሃዶር የድሮ ጓደኛ ኢራጅ እየጠበቃቸው ነበር። በቴህራን ተራራ ወጪዎች ዘንድ እርምጃውን የሚወስነው ፊት የሚሄደው የቡድኑ መሪ ነው፤ እሱን ቀድሞ ማለፍ ነውር ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ መሪው ባሃዶር፣ መጨረሻዋ ፋራንጊስ ነበሩ።

«ዛሬ ፊት የምሄደው እኔ ነኝ» አለች።

ኢራጅ ሳቀ። «ፋራንጊስ ኻኑም፣ እመቤቴ፣ እንግዲያው ምሳችንን ለእራት ልንበላው ነው!»

«ለእራትም ቢሆን ይበሉታል፣ ጌታው ኢራጅ ኻን። የምሳው እንቁላል ያለው እኔ ጀርባ ላይ ነው።»

«ተይ እንጂ ሴትዮ» አለ ባሃዶር። «እዚሁ ሻይ ቤት ቁጭ ብለሽ ጠብቂን። ጥላ አለልሽ።»

«ጥላ ከፈለግክ አንተ ቁጭ በል» ብላው መንገዱን ጀመረች።

እየወጣች ታወራለች። ስለ ጎረቤቷ ድመት አወራች፤ ቀጥላም ስለ እህቷ ልጅ ሠርግና የሙሽራው እናት ስላስነሳችው ጠብ። ዳገቱ ሲከብድ የባሃዶር ዱላ ተረከዟን ይነካካት ጀመር።

«ትንሽ ፈጠን በይ!»

ሳታስበው ፈጠነች። አማቲቱ፣ የሙሽራው እናት፣ ከወንበሯ ብድግ ያለችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ወሬው አፏ ውስጥ ተቆረጠ፤ ጆሮዋ ውስጥ ልቧ ብቻ ይመታል። ቆመች።

«ደከመዎት?» አላት ኢራጅ።

የዘወትሩ መልስ ምላሷ ላይ ነበር፦ ኧረ በፍጹም፣ እናንተ ቀጥሉ። ደከመኝ ብሎ ሰው ማስቆም ያሳፍራል፤ በዚህ መንገድ ላይ ማንም ብሎት አያውቅም። መልሱን ዋጠችው።

«አዎ፣ ደክሞኛል። እንቀመጥ።»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ወዲያው ኢራጅ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። «ተመስገን! እኔም ጉልበቴ ካለቀ ቆይቷል፤ የሚናገርልኝ አጥቼ ነው እንጂ!»

ባሃዶር ግን ሚስቱን ትኩር ብሎ አያት። «ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ስንወጣ አንድ ቃል ተናግረሽ አታውቂም። ተራራ ላይ ዝምታ የምትወጂ ይመስለኝ ነበር።»

«ትንፋሽ የታለኝና ነው የምናገረው?»

ባሃዶር ከኮዳው ውኃ ቀድቶ አቀበላት።

ልቧ ረጋ ሲል ተነሳች፤ እንደገና ፊት ሆነች። ሌሎች ቡድኖች ሰላም እያሉ ያልፏቸዋል። ባሃዶር ባለፏቸው ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል፣ እሷን ግን አላለፋትም። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዚያስ? አማቲቱ ተነስታ ምን አለች?»

«ዱላህን ከተረከዜ አርቅና እነግርሃለሁ።»

አራቀ። የሠርጉ ጠብ ረጅም ነበር፤ ተራራ ወጪዎች የሚያርፉበት መጠለያ ጣሪያ ከበላያቸው ሲታይ ፋራንጊስ ገና ስለ ኬኩ እያወራች ነበር።