ጥጃ ቢሆን ኖሮ

ባሌ ኦሪን ከብት ማከም ያውቃል፤ መከራዬም የመጣው ከዚሁ ነው። ሳንባው የታመመ ጥጃ መርፌ ተወግቶ በሦስተኛው ቀን ካልተነሣ፣ «ይኼ መድኃኒት አይረባም» ብሎ ይተወዋል። እዚህ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ወተት የሚሸጥ ገበሬ ሁሉ እንዲሁ ነው።

ልጃችን ክሌይተን ዓሣ ሊያጠምድ በብርድ የረጋው ሐይቅ ላይ ወጥቶ በረዶው ተሰብሮበት ከሰመጠ ወዲህ ኦሪን ሰው መሆኑ ቀረ። አላለቀሰም። ቀብሩ ላይ እንኳ የሰዎቹን ጫማ ሲያይ ነበር። ላሞቹን ያልባል፣ ይመለሳል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። የሚበላውም እኔ እንዳልቆጣው ነው። ከልጄ ጋር ባሌንም የቀበርኩ መሰለኝ።

እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ዶክተር ሉንድ የድብርት መድኃኒት አዘዘችለት።

«የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ኪኒን፣ ከዚያ ሙሉ፤ በየጠዋቱ» አለችው። «ለውጡ እስኪታይ ወርም፣ ከዚያ በላይም ሊፈጅ ይችላል። ቢሻልዎትም ባይሻልዎትም ሳይነግሩኝ እንዳያቆሙ። ክፉ ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ወዲያው ይደውሉልኝ።»

መኪና ውስጥ ኦሪን ከኪሱ ቀይ ማሰሪያ አወጣ። መድኃኒት ላይ ያለች ላም ወተቷ ከሌላው ሳይቀላቀል እንዲደፋ እግሯ ላይ የምናስረው ነው። እጁ ላይ አሰረው።

«በይ እንግዲህ፣ የኔን ወተት ድፊው» አለኝ።

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ ኪኒኑን በረት ውስጥ፣ ከላሞቹ መድኃኒት ጋር ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሦስት ቀን ሞከርኩት። አልሠራም።»

«አንተ ጥጃ ነህ?»

«ጥጃ ብሆን ይኼኔ ሸጠሽኝ ነበር።»

«ማን አባቱ ይገዛሃል? ክፈት አፍህን!»

ለዶክተሯ ስደውልላት ያለፈውን ለማካካስ ደርበን እንዳንሰጠው፣ ከግማሹ እንድንቀጥል ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አጠገቡ ቆሜ አስውጠው ጀመር። ወደ ሙሉው አለፈ፤ ሆዱን አቅለሸለሸው፤ ወር ሞላ። ለውጥ የለም። እኔም በልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ኪኒኑን መስጠቴን ግን አልተውኩም።

አንድ ጠዋት ዕንቁላል ስጠብስ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ኦሪን ሹካውን እንደያዘ ያለቅሳል።

«ምን ሆንክ? ዶክተሯ ጋ ልደውል?»

«ላቮን» አለኝ፣ ላልሰማ ሰው መርዶ እንደሚያረዳ። «ልጃችን እኮ ሞተ።»

ምድጃውን አጠፋሁት።

«አዎ፣ ሞተ» አልኩት።

«እንዲህ አያመኝም ነበር። ይኼ ኪኒን ነው የጨረሰኝ። ልተወው?»

ሲያለቅስ ማየት አንጀቴን በላው። ግን የበረዶውን ወራት በሙሉ ብቻዬን ነበር ያለቀስኩት፤ ብቻዬን ማልቀስ ሰልችቶኝ ነበር። ኪኒኑን ከነውሃው አቀረብኩለት። እያለቀሰ ዋጠው።

ከዚያ እጄን ያዘና፣ «ክሌይተን የዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ በልቶ ነው የወጣው?» ሲል ጠየቀኝ።

ከቀብሩ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«አልበላም» አልኩት። «ቸኩሎ ነበር።»