ሐጂ ኸሊል ያስማሉት መሐላ

ጣሊያን መተማን በያዘ በዓመቱ፣ በከተማዋ የሰሊጥ ዘይት የሚያስጨምቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሐጂ ኸሊል። ግመል እየዞረ የሚያሽከረክረው መጭመቂያቸው ከመስጊዱ ጀርባ ነበር። ሠራተኛ ሲቀጥሩ ቁርኣን አስይዘው፣ «ከሐጂ ወጥቼ መተማ ውስጥ ዘይት ብጨምቅ ሚስቴ ፈት ትሁን» ያሰኙት ነበር። ይህን ፈርቶ የሚወጣባቸው ሰው አልነበረም።

ዓሊ የሚባለው ሠራተኛቸው ግን ወጣ። ከወንዙ ዳር ግንድ ጠርቦ የራሱን መጭመቂያ ተከለ። ሐጂ ኸሊል ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ገበያ መሐል ጠብቀው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ዓሊ! መሐላህን በልተሃል። ከእንግዲህ ሰዓዲያ ላንተ ሐራም ናት!» አሉት።

ሚስቱ ሰዓዲያ እዚያው ሰሊጥ እያበጠረች ነበር። ፈሪሃ አላህ ያላት ሴት ናትና ወንፊቷን ጥላ፣ ጨቅላዋን አዝላ እናቷ ቤት ገባች። ዓሊ ደጅ ቆሞ ቢለምናት፣ «አላህ ዘንድ ወንጀል ይሆንብናል» ብላ ፊቷን እንኳ አላሳየችውም።

ሐጂ ኸሊል መጭመቂያውንም ለማስነቀል፣ በከተማው ፍርድ የሚሰጡት ሸህ ሷሊህ ዘንድ ዓሊን ከሰሱት። ሸሁ ሁለቱንም ሰምተው ሐጂን ጠየቁ።

«አልምልም ቢልህ ትቀጥረው ነበር?»

«አልቀጥረውም።»

«እንግዲያ ርቦት ነው የማለው። ተገዶ የወጣ ቃል ትዳር አያፈርስም፤ መጭመቂያም አያስነቅልም። ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ሠራተኛን በሚስቱ ማስማል የለም። የቀሩትንም ከመሐላቸው ፍታቸው። ለሴቲቱ ደግሞ አንተው ሄደህ ንገራት።»

«ሁሉም ጥለውኝ ቢሄዱስ?»

«የሚያስቀምጣቸውን ነገር ፈልግ!»

ሰዓዲያ የእናቷን ቤት በር ስትከፍትላቸው ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። ሐጂ መሬት መሬት እያዩ ፍርዱን ነገሯት።

«የተማሩ ሰው ነዎት» አለች። «እንደማያፈርስ አያውቁም ነበር?»

መዋሸት ፈለጉ፤ አፋቸው እምቢ አላቸው። «አውቅ ነበር» አሉ።

ሰዓዲያ ልጇን አቅፋ ባጠገባቸው አልፋ ወደ ባሏ ሄደች።

በነጋታው ሐጂ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ «መሐላችሁ ወርዷል» አሏቸው። «ምን ባደርግላችሁ ትቀመጣላችሁ?»

 ከመካከላቸው ጀይሉ የሚባለው፣ «ሐጂ፣ ቀን ሙሉ ዘይት ስንጨምቅ ውለን ማታ ልጆቻችን ደረቅ የማሽላ ገንፎ ነው የሚበሉት» አለ።

 ሐጂ ከዚያ ወዲያ ከሚጨመቀው ዘይት ሁሉ ለሠራተኛው ድርሻ አወጡ። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መውጣት የፈለገ የሰሊጥ መከር ሳይገባ እንዲነግራቸው፣ በቦታው ሌላ ሰው ማለማመድ እንዲችሉ። ጥቂቶቹ ነግረዋቸው ወደ ዓሊ ሄዱ፤ ጀይሉና የቀሩት ተቀመጡ። ሐጂም ዓሊ ዘንድ የሚሄደውን ገበያተኛ ለመመለስ ዘይታቸውን አጥልለው መሸጥ ጀመሩ። ሥራው አልሞተም።

ሰው «ሐጂ ደግ ሆኑ» እያለ ያወራል። እሳቸው ግን ሰዓዲያ እንስራ አዝላ ከወንዝ ስትመጣ ካዩ፣ ሰላምታዋ ሳይደርሳቸው ባገኙት ቅያስ ይታጠፋሉ።