ቢጫውና ጥቁሩ ካፕሱል

እግሬን ሚስማር ወጋኝና አመረቀዘ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከንፈር የሚመጥ ጎረቤት ሞልቷል። የግድግዳ ጎረቤቴ ዓሊያ ግን ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም፤ ሳነክስ አይታኝ ኖሮ ፌስታል አንጠልጥላ ገባች።

«እትዬ ወለተሥላሴ፣ መድኃኒት ይኸውልዎት። ሻፊ ታሞ ከተገዛለት የተረፈ ነው።» ሻፊ ባሏ ነው፤ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ለጠያቂ ብስኩትና ሳሙና ይሸጣል።

በእኛ ሰፈር መድኃኒት አይጣልም። አንዱ ሲሻለው ይተወዋል፣ የተረፈው ለሚቀጥለው በሽተኛ ይቀመጣል።

«አሞክሳሲሊን ከሆነ መልሺው» አልኳት። «አምና ውጬው ፊቴ እንደ ድፎ አብጦ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቶ፣ ቄስ ሊጠራልኝ ምንም አልቀረም ነበር።»

«ያ ቢጫ ነው። ይሄ ጥቁርና ቀይ ነው፣ ስሙም አምፒሲሊን። ወላሂ ሌላ ነው!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀሚስ የቀየረ ሁሉ ሌላ ሰው ነው?»

እግሬ ግን ይጠዘጥዘኛል። ልውጠው ውሃ ቀዳሁ፤ አፌ ጋ ሳደርሰው እጄ እምቢ አለ። ዕድሜ ልኬን በርበሬ ስነግድ ሳላሸት የገዛሁት የለም። የአምናውን ቢጫ ከቆርቆሮ አወጣሁና ሁለቱንም ከፍቼ አሸተትኩ። ያው ክርፋት!

«አሽቺ!»

አፍንጫዋን ይዛ፣ «መድኃኒት ሁሉ ይከረፋል» ብላ ድርቅ አለች።

ተያይዘን ፋርማሲ ሄድን። ባለሙያዋ ማህሌት ሁለቱንም አገላብጣ አየች።

«ማሽተት አያስተማምንም፣ እማማ። ግን አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ፔኒሲሊን የሚባል ወገን ናቸው። አንዱ እንዲያ ካደረገዎት ሌላውም ሊገድልዎት ይችላል፣ እንዳይነኩት። ጤና ጣቢያ ሄደው ሌላ ዓይነት ይዘዙልዎት። የሁለቱንም ስም ይንገሯቸው።»

«ጻፊላቸው» አለች ዓሊያ።

«አፍ የለኝም እንዴ?» አልኩና ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ስሞቹን እንደ ዳዊት ደገምኳቸው። ዓሊያ አንገቷን ደፍታለች።

«እትዬ፣ ውጠውት ቢሆን ኖሮስ?»

«ለቅሶዬ ላይ ንፍሮ ትቀቅዪ ነበራ! ዝም በይ፣ ስሙ ይጠፋብኛል።»

ሳቋ አመለጣት። የኔም።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ገና ልጅ ነው። እግሬን ሊያይ ጎንበስ ሲል፣ «ቀና በል!» አልኩት። «መጀመሪያ ስማኝ። አሞክሳሲሊን። አምፒሲሊን። ሁለቱም ለኔ ሞት ናቸው።»

ቀና ብሎ ሰማኝ።