የትኛው እግር ነው የሚቀድመው

«ክብደቱን ካልነገረኝ ከዚህ አንድም ሰሌዳ አይወጣም አልኩህ እኮ፣ ብሮዲ።»

«አክስቴ፣ ሰውዬው ከፍሏል። አራት የማዕበል ሰሌዳ፣ ያውም ውድ ውዶቹን። አንቺ ደግሞ ስንት ኪሎ ነህ ትይዋለሽ። ልታርጂው ነው እንዴ?»

«በስንተኛው ካርድ ነው የከፈለው?»

ቴፕ እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ አልኩ። አክስቴ ኖሊን መላጊያዋን አስቀመጠችና ዞረች። ፊቷ በሰሌዳው ፎም ብናኝ ነጭ ሆኖ ዱቄት ቤት አድራ የወጣች ድመት መስላለች።

«በስንተኛው?»

«በአራተኛው። ሦስቱ እምቢ አሉ። ታዲያ ካርድ እምቢ አይልም? የኔ ሁልጊዜ እምቢ ይላል።»

«ያንተ ባዶ ስለሆነ ነው። የዚህ ሰውዬ ግን አራቱም ካርዶች ላይ አራት የተለያየ ሰው ስም ነው ያለው። አንድ ሰው አራት ስም ምን ያደርግለታል?»

እኛ የምንሸጠው ማዕበል ላይ ቆመው የሚጋልቡበትን ሰሌዳ ነው። ኡላዱላ በምትባለው የወደብ ከተማችን፣ አክስቴ ከቤቷ ጓሮ ባለው ሼድ በእጇ ትቀርጻለች፣ እኔ ኢንተርኔት ላይ እሸጣለሁ፣ አሽጌም እልካለሁ። ባለፈው ክረምት አንዱ ሌባ በሰው ካርድ ሰሌዳ ወሰደብን። ባለካርዱ ባንኩ ጋ ጮኸ፣ ባንኩ ገንዘቡን ከእኛ መንጭቆ ወሰደ፣ ሰሌዳውም በዚያው ጠፋ። ክፍያ የሚቀበልልን ድርጅት ደግሞ ጻፈልን፤ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተደገመ ካርድ መቀበል አበቃላችሁ አለን። ካርድ የማይቀበል የኢንተርኔት ሱቅ ምን ይባላል? ጓሮ ይባላል።

ግን ደግሞ እውነተኛ ገዢ ቢሆንስ? አራት ሰሌዳ ባንድ ቀን ሸጠን አናውቅም።

አክስቴ ገዢን ሁሉ ክብደትህ ስንት ነው፣ የት ባህር ነው የምትገባው ብላ ትጠይቃለች። ሰሌዳ እንደ ጫማ ነው፣ ልክ አለው። ሰዉ ሁሉ ይዋሻል፤ ኪሎውን ይቀንሳል፣ ጉብዝናውን ይጨምራል። ከዚያ ይደውላል፣ ፎቶ ይልካል፣ ይነዘንዛል። ሰሌዳ ገዝቶ ያልነዘነዘ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። ይሄኛው ግን ማዘዣው ቅጽ ላይ የክብደቱን ቦታ ባዶ ትቶት አለፈ።

ጻፍኩለት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ማንኛውም ክብደት ይሆናል። መኪና ልኬያለሁ፣ ዛሬውኑ ይጫን።»

«ማንኛውም ክብደት?» አለች አክስቴ። «ጠዋት ዝሆን፣ ማታ ትንኝ ሆኖ ነው የሚጋልበው?»

መኪና እየመጣ ነው ሲባል ደሜ ሞቀ። «ልደውልለት?»

«ደውል። እንዳትሳደብ ብቻ።»

ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። «ሄሎ ጌታው፣ ከሰሌዳ ቤት ነው። ለማሸግ አንዲት ነገር ቀርታኛለች። ሰሌዳው ላይ ስትቆም የትኛውን እግርህን ነው የምታስቀድመው፣ ግራ ወይስ ቀኝ?»

ይሄን እኛ ጋ የአምስት ዓመት ልጅ ከስሙ በፊት ነው የሚነግርህ። ሰውዬው ስልኩን በመዳፉ ሊያፍን ሞከረ። ከኋላው ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል።

«ሁለቱንም» አለ።

አክስቴ አፏን በክንዷ አፈነች።

«እንደ ካንጋሮ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እንደሱ።»

«ጎበዝ ነህ ጌታው» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ እኔና አክስቴ ሳንስቅ መተያየት አልቻልንም።

አራተኛው ካርድ ላይ ያለው ስም ኤድና ክራዶክ ነው፣ አድራሻው ባላራት። የስልክ ማውጫ ውስጥ የቤት ቁጥር አገኘሁና ደወልኩ።

«ወይዘሮ ክራዶክ፣ አራት የማዕበል ሰሌዳ አዝዘዋል?»

«ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ልጄ፣ ባላራትም ባህር የለውም።»

«እንግዲያው ካርድዎ ተሰርቋል።»

«አዎ፣ የሰረቅኸው አንተ ነህ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

አክስቴ ሳቋን መግታት አቅቷት መሬት ተቀመጠች። ከዚያ ስልኩን ተቀብላኝ ራሷ ደወለች። «እሜቴ፣ ለእኛ ምንም አይንገሩን። ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ለባንክዎ ይደውሉ። እኛንም አይመኑን።»

«እናንተንማ እንዴት ብዬ» አለች ሴትዮዋ። ቢሆንም ልትደውል ሄደች።

ጡሩንባ ሰማን። ነጭ ቫን በራችን ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ትከሻው በር የሚያህል ሰውዬ ነው፣ ኬልቪን ይባላል።

«አራት ሰሌዳ፣ ብሪዝበን መጋዘን ድረስ። ቶሎ በሉ እንጂ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ሂሳብህን ተቀብለሃል?» አለችው አክስቴ።

«በኢንተርኔት ተከፍሎኛል።»

«በስንተኛው ካርድ?»

ኬልቪን ስልኩን አወጣ። አየው። ደግሞ አየው። «በሦስተኛው» አለና ካርቶን ላይ ዘፍ አለ።

«ብሮዲ፣ ገንዘቡን ለሴትዮዋ ካርድ መልስ። አሁኑኑ።»

የአራት ሰሌዳ ገንዘብ ባንድ ጣት ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጣቴ እምቢ አለ። አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፣ ጣቴም ታዘዘ።

«አንድ ነገር ፍቀጂልኝ» አልኳት። «ከወደቡ አንድ ካርቶን የዓሣ አንጀት ላምጣ። አሽገን ለሌባው እንላክለት።»

«ደስ ይለኛል» አለ ኬልቪን ተነስቶ።

«እስከ ብሪዝበን አብሮት የሚጓዘው አንተ ነህ» አለችው አክስቴ። ኬልቪን ተመልሶ ተቀመጠ።

ስልክ ጮኸ፣ ወይዘሮ ክራዶክ ናት። «ካርዱን ዘግተውታል። ባንኩ እነዚያ ልጆች ሌባ አይመስሉም ብሎኛል። እኔ ግን ገና እያሰብኩበት ነው።»

ሱቃችን ተረፈ። አክስቴን አቅፌ አሽከረከርኳት፣ ሼዱ በብናኝ ታጠነ። ገና ሳላወርዳት ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ካንጋሮው ነው።

«መኪናው ለምን አልተነሳም?»

«ገንዘቡን ለባለቤቷ መልሰናል፣ ጌታው።»

ስድብ ጠብቄ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ተነፈሰ ብቻ። «እሺ፣ የትኛው እግር ነበር ትክክሉ? የሚቀጥለው ሱቅም ይጠይቀኝ ይሆናል።»

ልነግረው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሰውዬው እየጣመኝ ነበር። አክስቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«እነግርሃለሁ» አለችው። «መጀመሪያ ግን ክብደትህን ንገረኝ።»

«ይቅርታ እመቤት» አለ ሌባው፣ «የግል መረጃዬን በስልክ አልሰጥም።»