አክስቴን በእንግሊዝኛ ተሳስተዋል ያልኩ ዕለት

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኮልፌ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄዋለሁ፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ቃል ሲጠፋባቸው እኔን ቢጠይቁ ይሻላቸው ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን አቶ ወልደጊዮርጊስ ግን የመጀመሪያ ድርሰቴን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መለሱልኝ።

«መሸሻ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ፣ ጌታዬ!»

«ቃል በቃል ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው።»

«አንዲት ነጥብ አልሳትኩም!» አልኩ በኩራት። እኛ ሰፈር የሊቅ ቃል ሳያዛንፍ የደገመ ይሸለማል እንጂ አይከሰስም።

«እዚህ ስርቆት ይባላል። ከሰው የወሰድከውን የማን እንደሆነ ከግርጌ ጻፍ። እስከ ዓርብ ሌላ ካላመጣህ ትወድቃለህ፤ የወደቀ ደግሞ ለገና ተሰናብቶ ቤቱ ነው።»

ለኮልፌ ነጋዴ አህያ ይሻላል ወይስ ካሚዮን? የሚል ርዕስ ይዤ ሰፈሩን በጥያቄ አሰስኩት። ቤታቸው ያስጠጉኝ አክስቴ የኔነሽ፣ የሽንኩርት ነጋዴና የሦስት አህያ ባለቤት፣ «አህያ!» አሉ። የቀረውም ሰው የእሳቸውን ቃል ደገመ። ረቡዕ ረቂቁን አቀረብኩ፦ ዐሥራ ዘጠኝ የግርጌ ማስታወሻ! ዓለም እንዲያ ያለ ግርጌ አይታ አታውቅም።

መምህሩ ሳቁ። «ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ተናገረ። አንተ የት አለህ?»

«አክስቴ ካሉት ላይ ምን እጨምራለሁ?»

«መዝነዋ! ልክ ናቸው?»

ሐሙስ ማለዳ ሰዓት ተውሼ ገበያው አፍ ላይ ቆምኩ። በአስፋልቱ ካሚዮኑ አህያዋን ጥሏት ሄደ። ጭቃው ላይ ግን እሱ ተሰንቅሮ ሲያጓራ፣ እሷ ጆሮዋን እያወዛወዘች አለፈችው። «አክስቴ በጭቃ ልክ ናቸው፤ በአስፋልት ግን ተሳስተዋል» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ በአማርኛማ ማን ደፍሮ!

ዓርብ ማለፊያ ውጤት፣ ሲ አገኘሁ። ወፍራም ሲ፣ የሌላ ሰው ኤ የማይደርስበት!

አክስቴ ድርሰቱን በአማርኛ ካልነገርከኝ አሉ። «ተሳስተዋል» ያልኩባት ቦታ ስደርስ በሳል ልሸፍናት ሞከርኩ፤ ሰሙኝ።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? በፈረንጅ አፍ?»

«በአስፋልት ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ነው ያለፍከው?»

«በዚህች በአንዷ።»

«በል እንግዲህ፣ ለሚቀጥለውም ስሕተት ካስፈለገህ ጠይቀኝ፤ አላጣም። ሽንኩርቴ ላይ ከመጣህ ግን ውርድ ከራሴ!»